የአንዲት ዝንብ የአንጎል ካርታ ለዝንብ ሁሉ ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔት የአንዲት ጎልማሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአንጎል ካርታ አወጣ። 139,255 የነርቭ ሴሎችና በመካከላቸው ያሉ ከ50 ሚሊዮን በላይ መገናኛዎች አንድ በአንድ ተለቅመው የሰፈሩበት ካርታ ነው። «ፍላይዋየር» የተሰኘውን ይህን ሥራ የመሩት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ማላ መርቲና ሴባስቲያን ሰንግ ናቸው። ኮምፒዩተር የሳተውን መስመር እየተከታተሉ በማረም ደግሞ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ተረባርበውበታል። ዜናው ሲሰማ ብዙ ሰው የተደነቀው በቁጥሩ ብዛት ነበር። አብሮ የወጣ ሌላ ጥናት ግን አንድ የቆየ ጥያቄ አነሣ፤ የዚህች አንዲት ዝንብ አንጎል የተዘረጋበት አኳኋን በሌሎች ዝንቦች አንጎል ውስጥም እንዳለ ይገኛል ወይ?

ጥያቄው ከዝንብ አልፎ ሰው ዘንድ ይደርሳል። የነርቭ ሰርኪዩቶች በቋሚ ፕላን የሚሠሩ ከሆነ አንድ ትክክለኛ ካርታ ለመማሪያ መጽሐፉም፣ ለመድኃኒት ፈላጊውም፣ ለቀዶ ሐኪሙም ይበቃል። ከአካል አካል የሚለያዩ ከሆነ ደግሞ አንዱን አንጎል አጥንቶ ስለ ሌላው መናገር የራሱ አደጋ አለው። ባለፉት ሃያ ዓመታት ከትል፣ ከዝንብ፣ ከሸርጣን፣ ከአይጥና ከሰው የተሰበሰበው ማስረጃ አሁን መልሱን እያጠራው ነው። የሴሎቹ ዓይነትና ዋና ዋናዎቹ መስመሮች በፕላን የተወሰኑ ናቸው፤ ዝርዝሩ ግን በእያንዳንዱ አንጎል ይለያያል። ይህ ልዩነት እንደ እንከን የሚታለፍ አይደለም፤ እንስሳው የሚኖረውን ጠባይ፣ ችግር ሲገጥመውም የሚቋቋምበትን አቅም ይወስናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ካርታ ሠርቶ ሥራው አለቀ ማለት አይቻልም።

የቋሚ ፕላን አመለካከት ያለ ምክንያት አልነገሠም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካዊው ሮጀር ስፔሪ የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ ዓይኗን 180 ዲግሪ ገለበጠው። ነርቩ ከጊዜ በኋላ ተመልሶ አደገ፤ እያንዳንዱ ክርም ቀድሞ ይገናኘው የነበረውን የአንጎል ቦታ ፈልጎ ያዘ። ዓይኗ ግን ተገልብጧልና ዝንብ ከበላይዋ ሲቀርብላት እንቁራሪቷ ወደ ታች ትወረወር ጀመር። ስሕተቷንም ከልምድ ተምራ አላረመችውም። ስፔሪ ከዚህ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ባቀረበው ሐሳብ፣ እያንዳንዱ የነርቭ ክር ማንን ፈልጎ እንደሚገናኝ የሚነግረው ኬሚካላዊ ምልክት አለ አለ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ምልክቶች በብዛት ተገኝተዋል። ዛሬም ቢሆን የነርቭ እድገት ትምህርት የቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ለአመለካከቱ ትልቁን ጉልበት የሰጠችው ግን ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የሆነች ትል ናት። ሲድኒ ብሬነር በካምብሪጅ፣ እንግሊዝ፣ ለምርምር የመረጣት ሲ. ኤሌጋንስ የተባለችው ይህች ትል፣ ከወንዶቹ በቀር፣ ሁልጊዜም 302 የነርቭ ሴሎች አሏት፤ አንድ አይጨምርም፣ አንድ አይጎድልም። ጆን ኋይት፣ አይሊን ሳውዝጌት፣ ኒኮል ቶምሰንና ብሬነር ትሏን በስስ በስሱ እየቆረጡ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እያነሡ፣ መስመሮቹን በእጅ እየተከተሉ እ.ኤ.አ. በ1986 የግንኙነቶቿን ካርታ አሳተሙ። ጽሑፉ ብቻውን 340 ገጽ ነበር። እያንዳንዱ ሴል ስም አለው፤ በአንዷ ትል ያለው በሌላዋም ይገኛል። ይህን ያየ ሳይንቲስት አንጎል ማለት በዘረ መል የተጻፈን ንድፍ የሚከተል ሥራ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ነገር ግን በዚያ ካርታ ውስጥ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያለፉት ጉዳይ ነበር። ካርታው ከአንዲት ትል ብቻ የተገኘ አልነበረም፤ ከተለያዩ ትሎች የተወሰዱ ክፍሎች ተገጣጥመው ነው የተሠራው። በዚህ አሠራር የአንዷና የሌላዋ ልዩነት ይዋጣል። ማስጠንቀቂያው ደግሞ ቀድሞ ተሰምቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማካኞ፣ ሎፕሬስቲና ሌቪንታል ዳፍኒያ የምትባለውን ትንሽ የውሃ እንስሳ አጥንተው ነበር። ዳፍኒያ ያለ ወንድ ስለምትራባ ዘረ መላቸው አንድ የሆነ እኅትማማቾችን ማግኘት ይቻላል። የዓይናቸው ሴሎች ቁጥርና ዋናው ትስስራቸው አንድ ሆኖ ሳለ የቅርንጫፎቹ ቅርጽና የመገናኛዎቹ ብዛት ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተለያይቶ ተገኘ። ይህን ልዩነት ዘረ መል አላመጣውም።

ወሳኙ ማነጻጸሪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ዳንኤል ዊትቭሊትና ባልደረቦቹ ዘረ መላቸው አንድ የሆነ ስምንት ትሎችን፣ ከተወለዱበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ጎልማሳነት በየእድሜያቸው ወስደው የስምንቱንም አንጎል ካርታ ሠሩ። የአንጎሉ አጠቃላይ ቅርጽ ከልደት እስከ ጉልምስና አልተለወጠም። ማን ከማን ይገናኛል የሚለው ሲቆጠር ግን ከግንኙነቶቹ 40 በመቶ የሚሆኑት በአንዷ ትል ሲኖሩ በሌላዋ የማይገኙ፣ ወይም ያለ ወጥ ሥርዓት ብቅ ጥልቅ የሚሉ ሆኑ። የቋሚ ፕላን ምሳሌ ተደርጋ ለአርባ ዓመታት ስትጠቀስ የኖረችው ትል እንኳ እያንዳንዷ የራሷ የሆነ አንጎል አላት ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ተለዋዋጮቹ ግንኙነቶች በአብዛኛው ደካሞቹ፣ በጥቂት ሲናፕሶች (የነርቭ ሴሎች መገናኛ ነጥቦች) ብቻ የተያያዙት ናቸው። በብዙ ሲናፕስ የተሳሰሩት ጠንካራ መስመሮች በሁሉም ትሎች ይገኛሉ።

የዝንቧም ታሪክ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከፍላይዋየር ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የጃኔሊያ የምርምር ማዕከል የሌላ ዝንብን ግማሽ አንጎል ያህል ካርታ አውጥቶ ነበር። ፊሊፕ ሽሌገልና ባልደረቦቹ ሁለቱን ዝንቦች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ የአንዷን አንጎል ግራና ቀኝ ጨምረው አነጻጸሩ። ከ10 በላይ ሲናፕስ ያለው ግንኙነት በአንዱ በኩል ከተገኘ በሌላውም የመገኘት ዕድሉ ከ90 በመቶ ይበልጣል። ከዚያ በታች ያሉት ግን አስተማማኝ አይደሉም። ከዚህም በላይ በመጀመሪያው ካርታ ተለይተው ስም ከወጣላቸው የሴል ዓይነቶች ከሲሶ የሚበልጡት በሁለተኛዋ ዝንብ ውስጥ በእርግጠኝነት ሊለዩ አልቻሉም። አንድን አንጎል ብቻ ይዞ «ይህ ራሱን የቻለ ዓይነት ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ይህ ውጤት ያሳያል። ተመራማሪዎቹም የሴል ዓይነትን በአዲስ መልክ ተረጎሙት፤ አንድ ሴል በራሱ አንጎል ውስጥ ካለ ከየትኛውም ሌላ ሴል ይልቅ በሌላ ዝንብ አንጎል ውስጥ ያለውን አቻውን የሚመስል ከሆነ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ያለ ሁለተኛ ካርታ ዓይነት የሚባል ነገር አይረጋገጥም።

ለመሆኑ ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ቀላል ስሌት ብዙ ያስረዳል። የሰው ዘረ መል ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደሎች አሉት፤ ፕሮቲን የሚያሠሩ ጂኖቹ ደግሞ 20,000 ያህል ናቸው። አንጎሉ ግን 86 ቢሊዮን የሚገመቱ የነርቭ ሴሎችና ወደ 100 ትሪሊዮን የሚጠጉ ሲናፕሶች አሉት። ለእያንዳንዱ ሲናፕስ አንድ ፊደል እንኳ አይደርሰውም። ስለዚህ ዘረ መል የሚያስተላልፈው የአሠራር ደንብን እንጂ የእያንዳንዱን መስመር አድራሻ ሊሆን አይችልም። ደንቡ ደግሞ ሲፈጸም ለአጋጣሚ ቦታ ይተዋል። አንዳንዴም ሆን ብሎ ይጠቀምበታል። በዝንብ ውስጥ ዲስካም1 የተባለው ጂን 38,016 ዓይነት ፕሮቲን ሊያወጣ ይችላል። እያንዳንዱ የነርቭ ሴል ከእነዚህ ጥቂቱን በዕጣ ይይዛል፤ በዚህም የራሱን ቅርንጫፍ ከጎረቤቱ ቅርንጫፍ ለይቶ ያውቃል። የትኛው ሴል የትኛውን እንደሚይዝ የሚወስን ፕላን የለም። ፕላኑ የወሰነው ዕጣ እንዲጣል ነው።

በዝንቧ አንጎል ሽታ የሚታወስበት ክፍልም ተመሳሳይ ነገር ይታያል። ከ50 ገደማ የሽታ መቀበያ ጣቢያዎች የሚመጣው መልእክት የኬንዮን ሴሎች ለሚባሉ፣ በየጎኑ 2,000 ለሚሆኑ የነርቭ ሴሎች ይከፋፈላል። ሶፊ ካሮን፣ ቫኔሳ ሩታ፣ ላሪ አቦትና ሪቻርድ አክስል እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት እያንዳንዱ የኬንዮን ሴል መልእክት የሚቀበልባቸው ጥቂት ጣቢያዎች በአመዛኙ ያለ ሥርዓት የተሰባሰቡ ናቸው። በኋላ የወጡ ጥናቶች ጥቂት አድልዎ እንዳለ ቢያመለክቱም ዋናው ግኝት ጸንቷል። ለዝንቧ ይህ ጉዳት የለውም። ነገ የምታሸተውን ማንም አስቀድሞ አያውቅምና በዘፈቀደ የተበተነ መረብ ማንኛውንም አዲስ ሽታ ለይቶ ለመያዝ ይመቻል። በፍላይዋየር ዝንብ ውስጥ እነዚህ ሴሎች ከጃኔሊያዋ ዝንብ ይልቅ በብዙ መቶ በልጠው ሲገኙ ደግሞ በዙሪያቸው ያሉት ግንኙነቶች ለቁጥሩ መጠን ተስተካክለው ነበር። ልዩነትም አለ፣ ልዩነቱን የሚያቻችል ደንብም አለ።

አጋጣሚ የፈጠረው ልዩነት በጠባይ ላይ ይታያል ወይ ለሚለው ግልጹ መልስ የመጣው ከፓሪስ ነው። ክንፏ የተከረከመ ዝንብ ውሃ በከበባት ክብ መድረክ ላይ ትቀመጣለች። ከፊቷና ከኋላዋ፣ በማትደርስበት ርቀት፣ ሁለት ጥቁር ቋሚ መስመሮች ይታያሉ። ዝንቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ትመላለሳለች። አንዳንዷ ዝንብ በመስመር እንደተመራች ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ሌላዋ እየተጠማዘዘች መድረኩን ሁሉ ታዳርሳለች። ባሲም ሐሰን በሚመራው ቤተ ሙከራ ጌሪት ሊንቬበርና ባልደረቦቹ ያንኑ ዝንብ ደጋግመው ሲፈትኑ ቀጥ ብላ የምትሄደው ከቀናትና ከሳምንታት በኋላም ቀጥ ብላ ትሄድ ነበር። ጠባዩ የጸና ነው፤ ወደ ልጆቿ ግን አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት እንዳሳወቁት ምስጢሩ ከእይታ ጋር በተያያዙ ጥቂት ሴሎች ውስጥ ተገኘ። የእነዚህ ሴሎች ክሮች በግራና በቀኝ አንጎል የሚዘረጉበት ልክ እኩል ሳይሆን ሲቀር፣ አለመመጣጠኑ በበዛ ቁጥር ዝንቧ ይበልጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ክሩ ወዴት እንደሚዘረጋ የሚወሰነው ዝንቧ ገና ስትፈጠር ጎረቤታሞች ሴሎች እርስ በርስ በሚገቱበት ሂደት ነው። የትኛው ሴል እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተወሰነ አይደለም። ዘረ መል ያላወረሰው፣ አካባቢም ያልሰጠው ጠባይ እንዲህ ይፈጠራል።

ከአከርካሪ አጥንት ባለቤቶችም ተመሳሳይ ምስክር አለ። የሃርቫርዱ ጄፍ ሊክትማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 የአይጥን ጆሮ የምታንቀሳቅስ አንዲት ትንሽ ጡንቻ መርጠው ወደ እሷ የሚገቡትን ነርቮች ሁሉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መዘገቡ። የግራው ጆሮ ጡንቻና የቀኙ፣ በአንዲት አይጥ አካል ላይ እያሉ፣ የነርቭ ቅርንጫፎቻቸው አልተመሳሰሉም። በአንድ አይጥ ግራና ቀኝ መካከል ያለው ልዩነት በሁለት አይጦች መካከል ካለው አያንስም ነበር። ሆኖም ሁለቱም ጆሮዎች በደንብ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ሌላ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። መስመሩ ከተለያየ ሥራው እንዴት አንድ ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ዕድሜዋን የሰጠችው በማሳቹሴትስ የብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲዋ ኢቭ ማርደር ናት። ማርደር የምታጠናው የሸርጣንን የጨጓራ ጡንቻዎች የሚያዝ፣ ወደ 30 የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች ብቻ ያሉትን ትንሽ የነርቭ ቋጠሮ ነው። ቋጠሮው ከሸርጣኑ ወጥቶ በሳህን ላይ ሲቀመጥም ሴሎቹ ተራቸውን ጠብቀው፣ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ገደማ፣ ምቱን መምታት አያቋርጡም። እ.ኤ.አ. በ2004 አስትሪድ ፕሪንዝ፣ ዲርክ ቡኸርና ማርደር ይህን ሰርኪዩት በኮምፒዩተር ከ20 ሚሊዮን በሚበልጡ የተለያዩ ቅንብሮች ሠርተው ሞከሩ። ትክክለኛውን ምት የሚሰጡት ቅንብሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ብዙዎቹም እርስ በርስ አይመሳሰሉም። ሁለት ባለሙያዎች የየራሳቸውን ልክ በርበሬና ቅቤ ተጠቅመው አንድ ዓይነት የሚጥም ወጥ እንደሚያወጡ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ እውነተኞቹ ሸርጣኖች ሲለኩም በስም የሚታወቀው ያው ሴል ከአንዱ ሸርጣን ወደ ሌላው የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያሳልፉት የአዮን መተላለፊያዎቹ መጠን ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይለያይ ነበር። ምቱ ግን አንድ ነው።

ልዩነቱ የሚጋለጠው ችግር ሲመጣ ነው። የሸርጣኑ ቋጠሮ ከ7 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ፍጥነቱን እየጨመረ እንኳ የሴሎቹን ተራ ሳያፋልስ ይሠራል፤ በዚህ ወሰን ሁሉም ሸርጣኖች አንድ ይመስላሉ። ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ ግን ሁሉም በየራሱ መንገድ ይታወካል። አንዱ ምቱ ይቆራረጣል፣ ሌላው ይዝላል፣ ሌላው ቶሎ ይበተናል። ሙቀቱ ሲመለስ ደግሞ ያገግማሉ። ጤነኛ በሆነበት ሰዓት አንድ የሚመስል ሰርኪዩት ውስጡ የተለያየ እንደነበር የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። አንድ ዓይነት መድኃኒት ሁለት በሽተኞች ላይ የተለያየ ውጤት የሚያመጣበትን አንዱን ምክንያት ለመረዳት ይህ ግኝት ትልቅ በር ይከፍታል።

የቋሚ ፕላን ደጋፊዎች ክርክርም በአግባቡ መሰማት አለበት። ደካማ ግንኙነቶች ሥራ ላይኖራቸው ይችላል፤ አንድና ሁለት ሲናፕስ መለያየቱ ለእንስሳው ምንም ላይሆን ይችላል ይላሉ። ካርታ ሲሠራ የሚፈጠር ስሕተትም እንደ ልዩነት ይቆጠራል። ሁለቱም ነጥቦች እውነት አላቸው፤ የሽሌገል ቡድን ራሱ ከታየው ልዩነት የተወሰነው የአሠራር እንከን መሆኑን አስልቷል። ነገር ግን የፓሪሷ ዝንብ ይህን ክርክር ታጠብበዋለች። በጥቂት ሴሎች ላይ ያለ ትንሽ የግራና ቀኝ አለመመጣጠን በዓይን የሚታይና ለሳምንታት የሚጸና ጠባይ ከወሰነ፣ የትኛው ልዩነት ጥቅም የለውም ብሎ መጣል እንደሚቻል የሚያሳውቀው በሥራ ላይ መፈተኑ ብቻ ነው።

ወደ ሰው ሲመጣ ሲናፕስን በሲናፕስ ማነጻጸር አሁን አይቻልም። በትልቁ ሲታይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ኤሚሊ ፊንና የዬል ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 የ126 ሰዎችን የኤምአርአይ ምስል ወስደው የአንጎል ክፍሎቻቸው አብረው የሚሠሩበትን አኳኋን ብቻ በማየት፣ በሌላ ቀን ከተነሣ ምስል ውስጥ ያንኑ ሰው ለይተው ማውጣት ችለዋል። ሰዎቹ ዐርፈው ሳሉ የተነሡት ምስሎች ሲነጻጸሩ ከመቶው ከዘጠና በላይ ተሳክቶላቸዋል። የቋንቋ ቦታም እንዲሁ ነው። በአብዛኛው ሰው ቋንቋ በግራው አንጎል ያመዝናል። በጀርመን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ግን ፈጽሞ ቀኝ እጃቸውን ከሚጠቀሙ ሰዎች 4 በመቶው፣ ፈጽሞ ግራኝ ከሆኑት ደግሞ 27 በመቶው ቋንቋቸው በቀኙ እንደሚያመዝን አሳይቷል።

የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ይህን ከሳይንቲስቶቹ ቀድመው ተረድተውታል። በሞንትሪያል ዋይልደር ፔንፊልድ፣ በኋላም በሲያትል ጆርጅ ኦጀማን በሽተኛው ነቅቶ እያወራ የአንጎሉን ገጽ በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነኩ የማይቆረጠውን ቦታ ይፈልጉ ነበር። ሥዕል አይቶ ስሙን የሚጠራ ሰው አንዲት ነጥብ ስትነካ ቃሉ ይጠፋበታል፤ ሐኪሙም ያችን ነጥብ ምልክት ያደርግባታል። ኦጀማን እ.ኤ.አ. በ1989 የ117 በሽተኞችን መዝገብ ሲያሳትም የቋንቋ ነጥቦቹ ከሰው ሰው በእጅጉ ይለያዩ ነበር። በመጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ አምኖ መቁረጥ ምን እንደሚያስከትል ለመገመት አያዳግትም።

የአእምሮ ሕክምናም ወደዚያው እየሄደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለከባድ ድብርት የፈቀደው፣ ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመነጨ የማግኔት ሕክምና በሽተኛውን መጀመሪያ በኤምአርአይ አይቶ ማግኔቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከራሱ የአንጎል ትስስር ተነሥቶ ይመርጣል። ሕክምናው በቀን አሥር ጊዜ ለአምስት ቀናት ስለሚሰጥ ከውጤቱ ምን ያህሉ በቦታው ምርጫ፣ ምን ያህሉ በመጠኑ ብዛት እንደመጣ ገና መለየት አለበት። ቢሆንም አንጎልን በየሰዉ ልክ ማየት በጽንሰ ሐሳብ ደረጃ ብቻ እንዳልቀረ ያሳያል።

አሁን ገንዘቡና ጉልበቱ ወዴት ይሂድ የሚለው ውሳኔ ከዚህ ማስረጃ ጋር መስማማት ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወንድ ዝንብ ሙሉ ማዕከላዊ የነርቭ ሥርዓት፣ ከ160 ሺህ በላይ የነርቭ ሴሎች ያሉት፣ በካርታ ቀርቧል። ይህን ከፍላይዋየሯ ሴት ዝንብ ጋር አነጻጽሮ «ይህ የጾታ ልዩነት ነው» ለማለት የሚቸኩል ሁሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ብቻ በእጁ እንዳሉ ማስታወስ አለበት። የታየው ልዩነት የወንድና የሴት ይሁን፣ ወይስ የሁለት ዝንቦች ብቻ፣ የሚለየው ከየጾታው ብዙ ዝንቦች ሲታዩ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በአምስት ዓመት 150 ሚሊዮን ዶላር መድበው፣ 70 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች ያሉትን የአይጥ አንጎል ሙሉ ካርታ የሚያስገኝ ቴክኒክ እንዲፈለግ እያደረጉ ነው። የአንድ አይጥ ሙሉ አንጎል ካርታ ታላቅ ሥራ ይሆናል። ነገር ግን ከዚያው በጀት የተወሰነው የአንጎልን ትንሽ ክፍል ከብዙ አይጦች፣ ከግራም ከቀኝም፣ ጠባያቸው አስቀድሞ ከተመዘገበ እንስሳት ላይ ደጋግሞ ለማየት ካልዋለ፣ በሚሊዮኖች ከሚቆጠሩት መስመሮች የትኞቹ የአይጥ ሁሉ፣ የትኞቹ የዚያች አይጥ ብቻ እንደሆኑ የሚያውቅ አይኖርም።